«አልጠገብኩም» የሚለው ሆዱ ነው ወይስ ትሪው?

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከቱሉ ዲምቱ ነው። ረዘም ስለሚል፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ መብራት መጥፋት ያለውን ትቼ ዋናውን በራሷ አነጋገር አቀርበዋለሁ።

«እትዬ፣ ባለቤቴ 46 ዓመቱ ነው። ስንጋባ ግንበኛ ነበር። ቀኑን ሙሉ ብሎኬት ሲያነሳ ውሎ ይመጣል፤ እኔም ደስ እያለኝ እስኪጠግብ አበላዋለሁ። ከአምስት ዓመት ወዲህ ግን ገላን አካባቢ መጋዘን ውስጥ ንብረት ክፍል ተቀጥሮ ወንበር ላይ ነው የሚውለው። አበላሉ ያው ነው። እራት ላይ ሁለት ተኩል እንጀራ ያነሳል። ባለፈው ወር ጤና ጣቢያ ሄዶ፣ ስኳርህ ከፍ ማለት ጀምሯል፣ መድኃኒት ገና ነው፣ ምግብ ቀንስና ተንቀሳቀስ ብለው ሰደዱት። እኔ ‹ይብቃህ› ስለው ‹አልጠገብኩም› ይላል። ከዚያ ኩርፊያ ነው። ስልኬ ላይ ‹በትንሽ ሳህን ብሉ› የሚል ምክር አይቼ ስድስት ትንንሽ ሳህን ገዛሁና ለየብቻ ማቅረብ ጀመርኩ። በሁለተኛው ቀን ‹ቤቴን ሆቴል አደረግሽው› ብሎ ተነሳ። ይባስ ብሎ አማቴ ከደብረ ብርሃን መጥተው አብረውን ናቸው። ‹ልጄን በቁሙ ልታደርቂው ነው› ይሉኛል፤ ወደ ጓዳ ስገባም ጠብቀው ያጎርሱታል። የአምስት ዓመት ልጄ ደግሞ ከአባቴ እኩል ካልበላሁ ይላል። ለመሆኑ ሆዱ ሰፍቶ ነው? ወይስ ራሱን መግዛት አቅቶት ነው? ሳህኖቹንስ ምን ላድርጋቸው?»

እህቴ፣ ሳህኖቹን ለጊዜው ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጫቸው፤ እመለስባቸዋለሁ።

ባልሽ «አልጠገብኩም» ሲልሽ እየዋሸ አይደለም። አንቺም «ይብቃህ» ስትዪው ክፋት የለብሽም። ግን ሁለታችሁም የምትጨቃጨቁት በሆዱ ላይ ነው፤ ነገሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አዋቂ ሰው ምን ያህል እንደሚበላ በአብዛኛው የሚወስነው ከፊቱ የቀረበለት ነው። «ሆድ ባዳ ነው» ሲባል የሰማሽው ውለታ ስለማያውቅ ይሆናል፤ እኔ ግን ቁጥርም አያውቅም እላለሁ።

ይህን ከራሴ አፍ እንዳላወጣሁት ለማሳየት አንድ ሙከራ ልንገርሽ። በፈረንጆቹ 2002 (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በፈረንጆቹ ናቸው) አሜሪካ ውስጥ፣ ፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ባርባራ ሮልስ የምትባል የሥነ ምግብ ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና 51 ወንዶችና ሴቶችን በተለያየ ቀን ምሳ አበላች። ምግቡ ሁሌም ማካሮኒ በአይብ ነው፤ መጠኑ ብቻ ይለያያል። አንድ ቀን 500 ግራም፣ ሌላ ቀን 625፣ ሌላ ቀን 750፣ ሌላ ቀን ድፍን አንድ ኪሎ። የፈለጉትን ያህል በልተው የቀረውን መተው ይችላሉ። ታዲያ አንድ ኪሎ በቀረበላቸው ቀን የበሉት፣ ግማሽ ኪሎ ከቀረበላቸው ቀን 30 በመቶ ያህል ይበልጥ ነበር።

ይሄ ብዙ አያስደንቅም ትዪ ይሆናል። እኔን ያስደነቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ከበሉ በኋላ ምን ያህል ጠግባችኋል ተብለው ሲጠየቁ፣ በትንሹ ቀንም በትልቁ ቀንም የሰጡት መልስ ተመሳሳይ ነበር። ማለትም ያን ሁሉ ጨምሮ የበላው ሰው ከሌላው ቀን የተለየ ጥጋብ አላገኘም። የቀረበላቸው መጠን እንደሚለያይ ያስተዋሉት ደግሞ ከግማሽ በታች ናቸው። ሌላም አለ። ግማሾቹ በሳህን ተጨልፎ ነው የቀረበላቸው፤ ግማሾቹ ከትልቅ ዕቃ ራሳቸው እየጨለፉ በሉ። ልዩነት አልመጣም። ጭልፋውን ማንም ይያዘው፣ ገበታው ላይ ብዙ ካለ ብዙ ይበላል።

«አንድ ቀን ቢበዛ በማግስቱ ይካካሳል» የሚል ሰው አይጠፋም፤ እኔም እንደዚያ እል ነበር። እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2007 ሌላ ነገር ሞከሩ። ሰዎቹን ለ11 ቀን በተከታታይ፣ ከተለመደው አንድ ተኩል እጥፍ አድርገው እያቀረቡ አበሏቸው። በቀን በአማካይ 423 ካሎሪ ጨምረው በሉ። ይሄ ሦስት ተኩል የሾርባ ማንኪያ ዘይት በየቀኑ እንደመጠጣት ነው። በሦስተኛው ቀንም፣ በሰባተኛውም፣ በአሥራ አንደኛውም ቀን ሰውነታቸው «ሰሞኑን በዝቷልና ልቀንስ» አላለም። በ2015 ደግሞ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በዚህ ዙሪያ የተሠሩ 72 ጥናቶችን፣ አብዛኞቹ ስለ ምግብ የሆኑ፣ አንድ ላይ አስቀምጠው መረመሩ። የደረሱበትም ያው ነው፤ ብዙ የቀረበለት ሰው ብዙ ይበላል።

እንግዲህ ያንቺ ቤት ሰው ከማንም የተለየ በሽታ የለበትም። ሆዱም «ሰፍቶ የቀረ» አይደለም። ጨጓራ ሲሞላ ይለጠጣል፣ ሲያልፍለት ይመለሳል። «በቃ» የሚለው መልእክት አንድም ከዚህ መለጠጥ ይመጣል፣ አንድም ምግቡ ወደ አንጀት ሲወርድ ከአንጀት ከሚመነጩ ሆርሞኖች ይመጣል። የሁለተኛው አመጣጥ ደቂቃዎች ይፈጃል። ሞቅ ያለ ወጥ ፊት ለፊቱ ያለ፣ በደንብ የሚጎርስ የቀድሞ ግንበኛ፣ መልእክቱ እስኪደርሰው ድረስ ሌላ አንድ እንጀራ ያነሳል።

እነዚያ አሜሪካውያን ግን ሁሉም ምግባቸውን ለየራሳቸው ነው የበሉት፤ አንድ ትሪ ከብበው የተቀመጡ አይደሉም። የእኛ ገበታ ነገሩን እንዴት እንደሚያደርገው ሳስበው፣ ሦስት ነገር ይታየኛል።

አንደኛ፣ ትሪ ላይ ማንም የራሱን ልክ አያውቅም። ጥቅል እንጀራ ዙሪያውን ይደረደራል፤ ሲያልቅ ሌላ ይመጣል። ማን ስንት አነሳ ብሎ መቁጠር ደግሞ ነውር ነው። ባልሽ ሁለት ተኩል ማንሳቱን እንኳ ያወቅሽው ሰሞኑን መቁጠር ስለጀመርሽ ይመስለኛል። ሁለተኛ፣ ከሥር የተነጠፈው እንጀራ አለ። ወጡን ጠጥቶ፣ ዘይቱን ይዞ፣ በርበሬው ሰርጎበት የሚጠብቅ። ሰው ሁሉ በጥቅሉ ጠግቦ ሲያበቃ፣ እጁን ሊታጠብ ሲል፣ ያችን ከሥር ያለችውን አይቶ እንደገና ይጀምራል። እኔ በበኩሌ እሷን ትቶ የተነሳ ሰው እስካሁን አላየሁም፤ ራሴም ትቻት አላውቅም። ሦስተኛ፣ ምግብ ተርፎ መደፋቱ ኃጢአት ነው ብለን አድገናል። ልክ ነው። ስለዚህ የተዘረጋ ሁሉ ማለቅ አለበት፤ የመጨረሻዋ ቁራሽ በይሉኝታ ትሪው መሃል ትቀመጥና፣ ከዚያ አንድ ሰው «በሞቴ አንሳት» ይባላል። ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አባወራው ነው።

ለዚህ ነው ሳህኖችሽ ያልሠሩት። አንደኛ፣ አብሮ መብላትን አፈረሱበት፤ እሱ ያኮረፈው ስለ ምግቡ ሳይሆን ስለ ትሪው ነው። ሁለተኛ፣ ሳህን ማሳነስ ብቻውን ያን ያህል የተመሰከረለት ዘዴ አይደለም። እነዚያው የፔንሲልቬንያ ሰዎች ሞክረውት ትንሽ ሳህን ምሳን አልቀነሰም፤ ሰዎቹ እየተመላለሱ ይሞላሉ። ይህን «ትንሽ ሳህን» የሚባለውን ምክር በዓለም ላይ ካዛመቱት አንዱ ብራያን ዋንሲንክ የተባለ፣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበረ ሰው ነው። በ2018 ራሱ ዩኒቨርሲቲው የምርምር ጥፋት አግኝቶበታል፤ ከታወቁ የሕክምና መጽሔቶችም ብዙ ጽሑፎቹ ተሰርዘዋል። ምክሩ ግን ስልክ ለስልክ እየተላለፈ ቱሉ ዲምቱ ድረስ መጥቶ ስድስት ሳህን አስገዛሽ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሳህኑን ትተሽ የሚቀርበውን ለውጪ። የሚቀርበው ደግሞ ከምጣድሽ ይጀምራል።

አንድ ነገር አድርጌ ነበር። እኔ የምኖረው ዓለም ገና ነው፤ በሳምንት ሁለቴ ቤቴ እጋግራለሁ። አንድ ቀን እንግዳ ድንገት መጥቶ እንጀራ ከሰፈር ገዛሁና፣ ከራሴ ጋር ሳስተያየው ተገረምኩ። ሁለቱንም በፌስታል ይዤ ባለሱቁ ጋ ሄድኩ፤ ስኳርና ምስር የሚመዝንበት ሚዛን አለው። «እንጀራ ልትሸጪልኝ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። የኔው 410 ግራም መዘነ፤ የተገዛው 270። ስማቸው ግን ሁለቱም «አንድ እንጀራ» ነው። የዚያን ቀን ባለቤቴ ከተገዛው ሁለት በልቶ ጠገበ፤ ከኔው ሲሆንም ሁለት ነው የሚበላው። የሚቆጥረው ቁጥሩን እንጂ ክብደቱን አይደለም። (ባለሱቁ የተገዛውን እንጀራ አገላብጦ አይቶ፣ «ይሄ እየሳሳ ሄዶ አንድ ቀን ጋዜጣ ይነበብበታል» ያለኝን ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም። ከዋጋው ጋር በተቃራኒ ነው የሚሄደው።)

አሁን ትንሽ ሒሳብ። የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ ወርዱ 60 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ሊጡን ስታዞሪ ከዳር ዳሩ 5 ሳንቲሜትር ብትተዪ፣ እንጀራው 50 ሳንቲሜትር ይሆናል። ዓይን ላይ ጥቂት ነው፤ ተጠቅልሎ ትሪው ላይ ሲቀመጥ ማንም ልብ አይለውም። ነገር ግን ክብ ነገር ሲጠብ ከዙሪያው ሁሉ ነው የሚጠበው፤ ውፍረቱ ያው ከሆነ እንጀራው 30 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ሁለት ተኩል ትልቅ የሚያነሳ ሰው፣ ሁለት ተኩል ትንሽ ቢያነሳ የበላው አንድ ከሦስት አራተኛ ትልቅ እንጀራ ገደማ ነው ማለት ነው። ቅዳሜ ስትጋግሪ ሞክሪው። መጀመሪያ ላይ እጅሽ ስለለመደ ወደ ዳር ይሄድብሻል፤ ከሦስት አራት እንጀራ በኋላ ይይዝልሻል። ሊጡን የምትቀጂበትን ጣሳም አብረሽ ቀይሪው፤ ያው ጣሳ ከሆነ በጠበበው ቦታ ላይ ወፍራም እንጀራ ይወጣልሽና ልፋትሽ ከንቱ ነው።

ይህን ስታደርጊ ግን ተደብቀሽ አይሁን። ሳይነግሩ የሚያደርጉት ይሻላል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ሰውየው አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ስኳሩም የራሱ ነው። «እንጀራውን ጠበብ አድርጌ ልጋግር ነው፣ ብዛቱን አልቆጥርብህም» በዪው። የመጨረሻዋ ቃል ዋናዋ ናት። ከ«ይብቃህ» ጋር የተለያየሽ ዕለት ግማሹ ኩርፊያ አብሮ ይሄዳል።

ቀጥሎ ድስቱ። ስለ ራሴ ልንገርሽ። ልጆቻችን አንድ በአንድ ወጥተው ሁለታችን ስንቀር፣ ለስድስት ሰው የምሠራበትን ድስት አልቀየርኩም ነበር። እጄ የሚያውቀው እሱን ነው፤ ሽንኩርቱም በሱ ልክ ነው የሚከተፈው። ድስቱ ገበታው አጠገብ ይቀመጣል፣ ትሪው ላይ ወጡ ባነሰ ቁጥር እጨልፋለሁ፣ ወጥ ሲበዛ እንጀራ ይጨመራል፣ እንጀራ ሲበዛ ወጥ ይጨመራል። ይህን ጨዋታ ታውቂዋለሽ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለታችንም ቀበቶና መቀነት አሰፋን። ያቆምነው ድስቱን ለልጄ ሰጥቼ ሌላ ትንሽ ድስት የገዛሁ ጊዜ ነው እንጂ፣ በምክርና በቁጣ አልነበረም።

ስለዚህ ድስቱና መሶቡ ጓዳ ይቅሩ። ትሪው ሲወጣ ተሟልቶ ይውጣ፤ ጭማሪ የፈለገ ይጠይቅ፣ ያለ ምንም ፊት ይሰጠው። መከልከል የለም። ተነስቶ ከጓዳ የሚመጣ ምግብና እጅ ሲዘረጋ የሚገኝ ምግብ ግን አንድ አይደሉም፤ በዚያች መሃል አንጀቱ መልእክቱን ለመላክ ጊዜ ያገኛል። ሳይወጣ የቀረው እንጀራ ደግሞ አይደፋም። ጠዋት ፍርፍር ይሆናል፤ ከበዛም ድርቆሽ።

ከሥር የሚነጠፈውን እንጀራ በተመለከተ፣ ግማሽ አንጥፊ። ትሪውን ሁሉ እንዲሸፍን ማን አስገደደሽ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳታጠፊ እፈራለሁ። ሁሉንም አሳንሺ አላልኩም። ጎመኑ፣ ጥቅል ጎመኑ፣ ፎሶሊያው፣ ቲማቲም በቃሪያው ይብዛ፤ ትሪው ባዶ መምሰል የለበትም። የቀረበ ነገር መብዛቱ ብዙ የሚያስበላን ከሆነ፣ ያው ሕግ ለጎመንም ይሠራል። ሮልስ በ2004 ይህንንም ሞክራዋለች፤ ቅባት ያልበዛበት ሰላጣ ምሳው ከመምጣቱ በፊት የበሉ ሰዎች፣ የሰላጣው ካሎሪ ተደምሮም እንኳ ጠቅላላ ምግባቸው ቀነሰ። በእኛ ቤት ሰላጣ አስቀድሞ መብላት ፈረንጅነት ሊመስል ይችላል። ቢሆንም እንጀራው እስኪጠቀለል አንድ ሳህን ሰላጣ መሃል ብታስቀምጪ፣ ተርቦ የመጣ ሰው እጁን መዘርጋቱ አይቀርም። የጎመኑ ሥራ የሚበላሸው በዘይት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ከጄሪካን ወደ ድስት ስታንቆረቁሪ ስንት ማንኪያ እንደገባ እግዜር ነው የሚያውቀው። በማንኪያ ስፈሪው። በተለይ በጾም። «ጾም ነው፣ ጉልበት ይሁነው» እየተባለ ሽሮው ላይ ዘይት ሲንሳፈፍ አውቃለሁ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ የሚመጣ ሰው ደግሞ መጠን የሚለካበት ትዕግሥት የለውም።

«የጤፍ እንጀራ ስኳር አያመጣም» የሚልሽ ሰው ካለ አትመኚው። ጤፍ ብረትም አሰርም አለው፣ መልካም እህል ነው፤ ግን ያው እህል ነው፣ ተፈጭቶ ሲበላ ስኳር ይሆናል። ለባልሽ ቁም ነገሩ መጠኑ ነው። ቡናውንም እይለት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ በየሲኒው ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ የሚጨምር ከሆነ፣ ስድስት ማንኪያ፣ 24 ግራም ገደማ ስኳር ነው። ሲኒን ያህል ትንሽ ዕቃ የሠራ ሕዝብ በማንኪያው ብዛት መሸነፉ ይገርመኛል።

ምሳውን የሚበላው ሥራ ቦታ አጠገብ ከሆነ፣ እዚያ የሚሆነውን መገመት አያቅተኝም። በያይነቱ ይመጣል፣ ሳይጠየቅ ጭማሪ እንጀራ በሰፌድ ይከተላል፣ ነፃ ስለሆነ ይበላል። ደሞዝ በወጣ ሰሞን ደግሞ ሥጋ ቤት ነው። ለሦስት ሰው አንድ ኪሎ ጥብስ ይታዘዛል፤ ሥጋው በኪሎና በግማሽ ኪሎ ስለሚሸጥ እንጂ የሆዳቸው ልክ ሆኖ አይደለም። እዚህ ላይ አንቺ የለሽበትም። ራሱ ገና ሲቀመጥ «ጭማሪ አታምጪልኝ» እንዲል ብቻ ንገሪው። ከመጣ በኋላ መተው ከባድ ነው፤ ለኔም ከባድ ነው።

ወደ እማማ ልሂድ። እህቴ፣ ከአማትሽ ጋር በዚህ ነገር እንዳትጣዪ። እሳቸው የሚያዩት ስኳር አይደለም፤ ልጃቸው ከሚስቱ ቤት ሳይጠግብ ሲነሳ ነው የሚያዩት። ምናልባት እህል ያጠረበትን ዘመን ያሳለፉ ናቸው፤ ለሳቸው የሞላ ትሪ ማለት የደህና ቤት ምልክት ነው። ስለዚህ ጭልፋውን ለሳቸው ስጪ። በእውነት ነው የምልሽ። «እማዬ፣ ለልጅዎ እርስዎ ያውጡለት» በያቸው። ከትንሹ ድስት፣ ጠበብ ካለው እንጀራ። ሰጪዋ እሳቸው ሲሆኑ፣ «ነፍገሽዋል» የሚለው ነገር መሠረት ያጣል፤ አውጥተው ከጨረሱ በኋላ ተነስተው ይጨምራሉ ብለሽም አትስጊ፤ ድስቱ ጓዳ ነው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ አይነሱም።

ጉርሻውን ግን አትከልክይ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል ሁለት ማጉረሳቸው አይቀርም። ብልሃቱ ጊዜው ላይ ነው። የእናት ጉርሻ ጡጫ ያህላል፤ እሱ ጠግቦ እጁን ሊሰበስብ ሲል የሚመጣ ጉርሻ በጥጋብ ላይ የተጫነ ነው፤ በመጀመሪያ የሚመጣ ግን ከእራቱ ይቆጠራል። ትሪው እንደቀረበ «እማዬ፣ ያጉርሱንና እንጀምር» በዪ። አንቺንም ያጉርሱሽ። ጓዳ ስትገቢ ተደብቀው የሚያጎርሱት ፊትሽን ስለፈሩ ነው፤ ፊት ለፊት ከተፈቀደ መደበቁ ጣዕሙን ያጣል።

ልጅሽስ? በ2000 የታተመ፣ ሮልስ ያለችበት ሌላ ጥናት ነበር። ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ የሆናቸው ልጆች፣ ትንሽም ቀረበላቸው ብዙ፣ የሚበሉት ያው ሆነ፤ የአምስት ዓመቶቹ ግን እንደ ትልቅ ሰው ብዙ ሲቀርብላቸው ብዙ በሉ። እንግዲህ ልጅሽ ይህን መማር የሚጀምርበት ዕድሜ ላይ ነው። «ጨርስ፣ አባትህን አታይም?» አይባል። ያነሰውን ትቶ ከተነሳ ይነሳ። እሱን ደግሞ አትቀንሺበት፤ እያደገ ያለ ልጅ ነው። ይህ ሁሉ ምክር ወንበር ላይ ለሚውል አዋቂ ነው እንጂ፣ ለልጅ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ወይም ዛሬም ብሎኬት ለሚያነሳ ሰው አይደለም።

ስለ ጤናው አንድ ነገር ሳልልሽ አላልፍም። እስካሁን መድኃኒት አልታዘዘለትም ብለሻል፤ ስለዚህ ቀስ እያላችሁ ብትቀንሱ አያሰጋም። ወደፊት ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን ከታዘዘለት ግን፣ ምግብ ከመቀነሳችሁ በፊት ያዘዘውን ሐኪም ጠይቁ። አንዳንዱ መድኃኒት ምግብ ሲያንስ ስኳርን ከልክ በላይ ያወርዳል። ድንገት ካላበው፣ እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ነገር ከተምታታበት፣ የዚያን ጊዜ ራሱን የሚያውቅ ከሆነ ቶሎ ስኳር ያለበት ነገር ይጠጣ፤ ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳይሰጠው ወደ ሕክምና ነው። ድጋሚ የሚለካበትን ቀን ጤና ጣቢያው ካልነገረውም ሄዶ ያስይዝ። መንቀሳቀሱን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ይውረድ።

ሁሉን በአንድ ሳምንት አትጀምሪ። ቅዳሜ ምጣዱ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ድስቱ፣ ከዚያ ዘይቱ። መጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ «አልጠገብኩም» ማለቱ አይቀርም። «እሺ፣ ትንሽ ቆይተህ ካልጠገብክ አመጣልሃለሁ» በዪውና ሻይ አፍልተሽ ቁጭ በዪ። ከጠየቀ አምጪለት። አብዛኛውን ቀን የሚጠይቅ አይመስለኝም፤ ቢጠይቅም የበላው ካለፈው ወር ያነሰ ነው።

አሁን ሳህኖቹ። አምስቱን ለቃሪያ፣ ለሰላጣና ለጎመን አድርጊያቸው፤ ትሪው ዙሪያ ሲደረደሩ ገበታውን ያሞሉታል፣ እማማም ደስ ይላቸዋል። ስድስተኛውን ለልጅሽ ስጪው። የራሱ ሳህን ካለው «ከአባቴ እኩል» የሚለውን ይረሳዋል ብዬ እገምታለሁ። ካልረሳው ጻፊልኝ።